ከጋሽ ሽመልስ አፍ የወጣው እንቁላል

ሚኒያፖሊስን አይቼ ተመልሻለሁ። ከሰፈራችን ልጆች እዚያ የደረሰ የለም። አንዱ አሜሪካ ሄድኩ ብሎ ሦስት ወር ጠፍቶ ነበር፣ ሲጣራ ሞጆ አጎቱ ጋ ነው የከረመው። እኔ ግን ከነፎቶው ነው የመጣሁት። ይሄን የምጽፈው አዳማ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላችሁ "እስቲ አውራን" ለምትሉት ነው። በድምፅ እንዳልልክላችሁ ግማሹን እየዘለላችሁ እንደምትሰሙ አውቃለሁ። ትምህርትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ስለተለያየን ፊደሉ ቢንጋደድ ቻሉት።

ለማታውቁኝ፣ ቢኒያም እባላለሁ። ዱባይ ከአንድ ህንዳዊ አስማተኛ ጋር ነው የምሠራው። ፖስተሩ ላይ "ታላቁ ዲናባንዱ" ይላል። እኔ ጋሽ ዲና ነው የምለው፤ ፂሙ በረዶ የመሰለ ሰውዬ በባዶ ስሙ ልጥራው ብል አፌ እሺ አይለኝም። አስማተኛ ስል ደግሞ ጠንቋይ እንዳይመስላችሁ። እናቴ መጀመሪያ ስነግራት ጸበል በፕላስቲክ ልትልክልኝ ነበር። ሰውየው የመድረክ ሰው ነው። ከባዶ ኮፍያ የማያልቅ ሻሽ ይስባል፣ ሰው ሳጥን ውስጥ ከትቶ ያጠፋል። የሚጠፋው ሰው እኔ ነኝ። በስንቱ አገር ጠፍቼ ተገኝቻለሁ መሰላችሁ። ያለ እኔ ትርዒቱ አይሠራም፤ ይሄን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ሌላ ቀጭን ሰው ስለሌለ ነው።

ሐሙስ

ከዱባይ የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው። ጋሽ ዲና፣ እኔ፣ እና ሴት ልጁ ሚታሊ። መብራቱም፣ ሙዚቃውም፣ ቪዛውም፣ ቁጣውም በሚታሊ እጅ ነው። የጠሩን ሚኒሶታ የሚኖሩ ህንዶች ናቸው፤ ሴንት ፖል አዳራሽ ተከራይተው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ትርዒት እንድናሳይላቸው።

አውሮፕላን ላይ እኔ መተኛት እወዳለሁ። ጋሽ ዲና ደግሞ ማውራት ይወዳል። ስለዚህ አልተኛሁም። የእኔና የእሱ ቋንቋ ህንድኛና እንግሊዝኛ ተደባልቆ ላዩ ላይ ዓረብኛ የተነሰነሰበት ነው፤ ሦስተኛ ሰው አይገባውም፣ እኛ ግን እንግባባለን። ያደገው ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ ባቡር ጣቢያ ፋኖስ የሚያበራ ሰው ነበር፣ ቶሎ ሞተ። በእነሱ ወገን ደግሞ በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ዓሣ አትበላ፣ ሥጋ አትበላ፣ እንቁላል አትነካ። ለአንድ ጾም አይደለም፣ ዕድሜ ልኳን! እኛ ሁዳዴ ጋመሰ ብለን ስናቃስት፣ የሰውየው እናት ፋሲካ የሌለው ጾም ጾማ ነው ያሳደገችው።

ልጅ ሆኖ አንድ የመንገድ ትርዒተኛ ከሰው አፍ እንቁላል ሲያወጣ አየ። አበደ። ሰውዬውን ሎሌ ሆኖ ተከተለው፣ ሩዝ ቀቀለለት፣ እግር አጠበለት፣ ምንጣፍ ተሸከመለት። ብዙ ቆይቶ ነው አንዷን ነገር ያስተማረው፣ የእንቁላሏን። ግን የት ይለማመድ? እናቱ ቤት እንቁላል ደፍ አያልፍም። ጎረቤታቸው አናጢ ነበር፣ ከማንጎ እንጨት እንቁላል ጠረበለትና በእሱ ተለማመደ። ለእናቱም እንቁላል በእጄ አልሰብርም ብሎ ቃል ገባላት፣ እስከ ዛሬ አልሰበረም። መድረክ ላይ መጨረሻ የምትሰበረዋን፣ እውነተኛዋን፣ የምሰብራት እኔ ነኝ። በእንቁላል ሰባሪነት የተቀጠረ አበሻ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

መሐል ላይ አንድ አገር ወርደን ሌላ አውሮፕላን ተሳፈርን። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እየተኛሁ ነው የተራመድኩት።

ሚኒያፖሊስ ስንደርስ ዕቃ የምትፈትሽ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ሴትዮ ሳጥናችንን አስከፈተች። መጀመሪያ የእንጨት እጅ ወጣ። ከዚያ ጎራዴ። ከዚያ ጥጥ ላይ የተደረደረ እንቁላል። ቀና ብላ አየችኝ።

"እንቁላል ነው ይዘህ የመጣኸው?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሽ ዲና ሲቀጥረኝ በእናቱ ፎቶ ፊት አቁሞ ነው ያስማለኝ። የሥራውን ምስጢር ለእናትህ አትናገርም፣ ለሚስትህ አትናገርም፣ ለፖሊስም አትናገርም። ስለዚህ እኔ ቃሌን የማከብር ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ በእንግሊዝኛ፣

"ስለ እንቁላሉ መናገር አይፈቀድልኝም" አልኳት።

ወገኖቼ፣ አሜሪካ ስትገቡ ይህቺን ዓረፍተ ነገር እንዳትናገሩ። ሦስት ሰው ተጨምሮ መጣ፣ ጓንት ተደረገ፣ እኔ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። ሚታሊ በቋንቋቸው ምን ምን እንዳለችኝ እስካሁን አላስተረጎምኩትም። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ አንዷን እንቁላል አንስታ ጠረጴዛው ላይ መታቻት። ቋ! እንደ በር ጮኸች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። ውጭ ስንወጣ ጋሽ ዲናን "ምስጢሩ ወጣ" ብዬ ባዝን፣ "እንጨት መሆኑን ማወቅ ምንም ማወቅ አይደለም፣ ቤታ" አለኝ። ቤታ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ሲደሰትብኝ እንደዚያ ይለኛል፣ ሲናደድም።

ያሳደሩን ብሉሚንግተን ነው፣ ኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር ያለ ሆቴል። ከሆቴሉ ማዶ አንድ የገበያ አዳራሽ አለ፣ አዳማን ከነአውቶቡስ ተራዋ አጥፋችሁ ብትከቱት ቦታ ይተርፈዋል። ውስጡ የመጫወቻ ባቡር ሰው ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል እየጮኸ ይበራል። ጫማ ልትገዛ ገብተህ ሰው ከጣሪያ ላይ ይጮህብሃል። ጋሽ ዲና ቀና ብሎ አይቶ አይቶ፣ "ድሮ እኔ ነበርኩ ሰው እንደዚህ የማስጮኸው" ብሎ ሻይ ፍለጋ ሄደ።

ዓርብ

አክስቴ እታገኝ የእናቴ ታናሽ ናት፣ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። "ባቡሩ ቀጥታ ያመጣሃል፣ ሕፃን አይሳሳትም" ብላኝ ነበር። ባቡሩ ሁለት ጫፍ ነው ያለው፤ እኔ ሁለቱንም አየኋቸው። መጀመሪያ አልፌ መሐል ከተማ ወረድኩ። ተመልሼ ስሳፈር ተቀምጬ አንቀላፋሁና ስነቃ ሰው ከጣሪያ የሚጮህበት ገበያ ደጃፍ ነኝ። አንዲት ሶማሌ እናት አዘነችልኝ። እሷ በሶማልኛ ጠየቀችኝ፣ እኔ በኦሮምኛ መለስኩ፣ ተግባባን። እጄን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝና ሲደርስ በክርኗ ጎሸም አድርጋ አስወረደችኝ። አዳማ ቢሆን ባጃጅ ነጂው እስከ በር አድርሶ እናቴን ሰላም በልልኝ ይል ነበር። እዚህ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ዛፍና መኪና ብቻ ነው። ሰዉ የት ሄደ ብትሉ ሁሉም ሥራ ነው።

ትንኟን ግን ሳልናገር አላልፍም። የወንጂ ትንኝ ነክሳህ ትሄዳለች። የሚኒሶታዋ ቤተሰቧን ትጠራለች።

አክስቴ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ክሳቴን አይታ ደግማ አለቀሰች። ፍልሰታ ስለነበር ከቅዳሴ መልስ ነው የሚበላው። "አለቆችህስ?" አለችኝ። ሆቴል ናቸው ስላት "እኔ እያለሁ? ሽመልስ፣ ሂድና አምጣቸው!" አለች።

ጋሽ ሽመልስ ባሏ ነው። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ኤርፖርቱ ጋ ሹፌሮቹ ተራ የሚጠብቁበት ፓርኪንግ ውስጥ እሱ ከሌለ ሳቅ የለም ይባላል። ከእኔ ቀጥሎ እንደዚያ የሚቀልድ ሰው አላየሁም። ሄዶ ጋሽ ዲናንና ሚታሊን ይዟቸው መጣ። አክስቴ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሱፍ ፍትፍቱን አቀረበች። ጋሽ ዲና ሹካ ፍለጋ አላየም። እጁን ታጥቦ በቀኙ ቆርሶ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ምስር የእናቴ ነው" አለ። አስተረጎምኩ።

"እናትዎ ጾመኛ ነበሩ?" አለችው አክስቴ።

"ዕድሜዋን ሙሉ።"

አክስቴ ተነስታ በእጇ አጎረሰችው። ታላቁ ዲናባንዱ በአክስቴ እጅ ጎረሰ! ሚታሊ ደንግጣ ስልኳን አነሳች፣ ፎቶው አለኝ፣ ስመጣ አሳያችኋለሁ።

ከዚያ ወሬው ደራ። ጋሽ ዲና በደህናው ጊዜ አርባ ሰውና አንድ ዝሆን ይዞ በባቡር ነበር የሚዞረው። ፖስተሩ የቤት ቁመት ያክላል። መድረክ ላይ ዝሆኑን ያጠፋል። ናይሮቢ፣ ዛንዚባር፣ አዲስ አበባም ደርሷል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ዝሆን ነው የመጣው፣ ፈረስ ተከራይቶ አጠፋ። ትርዒቱ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ከመድረኩ ጀርባ መጥተው፣ "ፈረሱን የት እንዳደረግኸው አልጠይቅህም፣ ግን እኔ ግቢ ከሆነ ገብስ ዘርቻለሁ" አሉት አለን። ጋሽ ሽመልስ በሳቅ ሊሞት።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ስልክ መጣ። አርባው ሰው አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሦስት። ዝሆኑ አርጅቶ ሞተ። ሳጥን ውስጥ ለሁለት ትቆረጥለት የነበረችው ሚስቱ ነበረች፣ ሻንቲ የምትባል። እሷ ስትሞት መጋዙን ወንዝ ውስጥ ጣለው። አሁን በየአገሩ ያሉ ህንዶች ሲጠሩት ይሄዳል። "አሁን ልጆቹ እኔን አያዩም፣ እኔ ስሠራ ምስጢሩን ስልካቸው ላይ ይፈልጋሉ" አለ። 

ጋሽ ሽመልስ ቀበል አደረገ። "እሷስ ተቆራርጣም ኖራለች፣ እኔ እሑድ ነው የምቆረጠው።"

"ሽመልስ!" አለች አክስቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴና ጋሽ ሽመልስ ከተጋቡ ሊያ ልጃቸው ኮሌጅ ደርሳለች፣ ግን በቁርባን አልተጋቡም። አክስቴ አብረን እንቁረብ ስትለው ኖራለች። እሱ ገና ነኝ ሲላት ኖሯል። ለክፋት አይደለም። ቆራቢ ከሆንኩ ፓርኪንጉ ውስጥ እንደ አባት ያዩኛል፣ ማን ከእኔ ጋር ይስቃል ብሎ ነው። ዘንድሮ በስንት ልመና እሺ አለ፣ ንስሐም ገቡ፣ ጾሙንም አብረው ያዙ። እሑድ ፍልሰታ ሲፈታ ሊቆርቡ ነው። አክስቴ ለዚያች ቀን ያሠራችውን ሁለት ጥንድ ነጭ ልብስ በር ላይ ሰቅላዋለች፤ እያለፈች በእጇ ትዳስሰዋለች።

"ነገ ትርዒቱን መጥቼ ልይ?" አለ ጋሽ ሽመልስ።

"ነገ? በዋዜማው?"

"የእህትሽ ልጅ ሲጠፋ ማየት የለብኝም?"

"እሱማ ድሮም ጠፍቶ ነው የኖረው" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሴንት ፖል ነው፣ አሮጌ፣ ወንበሩ ቀይ። ህንዶቹ በሳሪና በኮት ጢም አሉበት። አሁን የእኔን ዋና ሥራ ልንገራችሁ። በር ላይ ቆሜ እንግዳ እየተቀበልኩ ሰው እመርጣለሁ። ለእንቁላሉ የሚሆን ሰው ቶሎ የሚስቅ፣ አፉ ሰፊ፣ ሲጠሩት የማያፍር መሆን አለበት። ምልክት እሰጣለሁ፣ ጋሽ ዲና እሱን ይጠራል። በዚህ ሙያ የሚደርስብኝ የለም። ያን ቀን ደግሞ ጋሽ ሽመልስ ከሊያ ጋር ሲገባ ሳየው፣ ከዚህ የተሻለ አፍ ከየት ይመጣል! ዘመድ ነው፣ ላክብረው ብዬ ምልክቱን ሰጠሁ። ጾም የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ዱባይ እንቁላል እንቁላል ነው።

ጋሽ ሽመልስ መድረኩ ላይ ነገሠ። ጋሽ ዲና አገጩን ያዝ ሲያደርገው አፉ ይከፈታል፣ እንቁላል ብቅ ይላል። ይወስዳታል። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ጋሽ ሽመልስ ዓይኑን እያፈጠጠ ሆዱን ይዳስሳል፣ ሕዝቡ ይንጫጫል። የመጨረሻዋን ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔም በብርጭቆ ጠርዝ ኮሽ አደረግኳት፤ አስኳሏ ብርጭቆ ውስጥ ዱብ። አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። የሚጮሁት ደግሞ ስልክ የያዙት ልጆች ነበሩ። ጋሽ ዲና እንደዚያ ቀን ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳ አይቼው አላውቅም።

አብሬያቸው ሲዋርድ ሄድኩ። ጋሽ ሽመልስ መንገዱን ሁሉ ዝም። ሲነዳ ዝም ያለ ሹፌር ያስፈራል። ቤት እንደገባን ጃኬቱን ሳያወልቅ፣

"እታገኝ፣ አለቀልን" አለ።

"ምነው? መኪናው?"

"ጾም ፈታሁ።"

"ምን በላህ?"

"አልበላሁም። ወጣ። እንቁላል ከአፌ ወጣ።"

ሊያ "ማሚ፣ ኢት ወዝ ሶ ኩል፣ ሉክ!" ብላ ቪዲዮውን ከፈተችላት። አክስቴ አየች። እንቁላል፣ እንቁላል፣ እንቁላል፣ የጋሽ ሽመልስ ዓይን፣ ብርጭቆው፣ አስኳሉ። ወጥ ቤት ገብታ ድስት ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ድስት።

"ጋሼ፣ እንጨት ነው እኮ!" አልኩ።

"ልጅ አታታል። አንተው ራስህ ሰብረህ አሳይተኸኛል፣ አስኳሉን አይቻለሁ።"

"እሷ እኮ ሌላ ነች..."

"ታዲያ የእኔዋ የት ሄደች? እንዴት ነው የሆነው? ንገረኛ!"

ይኸው መጣ። ልነግረው አልችልም። አፌ በመሐላ ተሰፍቷል። እሱ ደግሞ ፊቱ ያዘነ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ደስታ ነበረበት፣ የትምህርት ቤት ፈተና ቀረ እንደተባለ ልጅ። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። አክስቴም አወቀችው። ፊቷን ሳትመልስ፣

"ደስ ብሎሃል አይደል፣ ሽመልስ?" አለች።

"እኔ ምን ላድርግ? የእግዜር ሥራ ነው።"

"የእግዜር ሥራ በእንቁላል አይደለም!"

ስልክ ጮኸ። ሊያ ቪዲዮውን ለጓደኞቿ ልካው፣ ጓደኞቿ ለእናቶቻቸው፣ እናቶቻቸው ለቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም ግሩፕ። የደወሉት ቀሲስ ናቸው፣ የንስሐ አባታቸው። ሊያ በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

"አቶ ሽመልስ፣ ገባ ወይስ ወጣ?"

"ወጣ፣ አባቴ።"

"ጾም የሚፈታው በሚገባው ነው።"

"ካልገባ እንዴት ይወጣል፣ አባቴ?"

ቀሲስ መጽሐፍ ሲያገላብጡ ተሰማ።  "ይሄ አልተጻፈም" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሲወጣ ይታያል። ነገሩን ዓይቶ የሚያውቅ ሰው አልገባም ብሎ ይመስክርልኝ፣ ያኔ ትመጣላችሁ። ያለበለዚያ ለሌላ ጊዜ።"

ለሌላ ጊዜ ሲባል አክስቴ እጇን አደረቀች፣ በር ላይ የተሰቀለውን ነጭ ልብስ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች። ጠርዙን ከጠርዝ እያስተካከለች፣ ቀስ ብላ። ጋሽ ሽመልስ ያን ሲያይ ከፊቱ ሥር ያለችው ደስታ ጠፋች። እኔ በረንዳ ወጥቼ ለትንኞቹ እየተበላሁ ለሚታሊ ደወልኩ። ነገርኳት።

"አንድ ቃል ብትተነፍስ ሥራህን እዚያው ፈልግ" አለችኝ። ልክ ናት፣ መሐላ መሐላ ነው። ግን ከኋላዋ የጋሽ ዲና ድምፅ ይሰማል፣ ስልኩን ተቀበላት።

"ሴትዮዋ አለቀሰች?"

"አላለቀሰችም። ልብሱን እያጠፈች ነው።"

 "ና ውሰደኝ" አለ።

እኔ መኪና አልነዳም። ስለዚህ የነዳው ጋሽ ሽመልስ ነው! ሰውየው ይቅርታ ሊጠይቅ የሚመጣ መስሎት፣ ራሱ ላይ የሚመሰክረውን ሰው ራሱ ድራይቭ አድርጎ አመጣው። ሚታሊ ከኋላ ተቀምጣ ፊቷ እንደ ጥቁር ደመና። ጋሽ ዲና ቤት ሲገባ አክስቴን በሁለት እጁ ተሳለመና ወጥ ቤቱን በአገጩ አሳየ። እሱና እሷ ብቻ። "አስተርጓሚስ?" አልኩ። "ይሄ አስተርጓሚ አያሻውም" አለኝ። ለእኔ! ለቀኝ እጁ!

በሩ ተዘጋ። ሳሎን ተደርድረን እንደ ሐኪም ቤት ቁጭ አልን። ሚታሊ በሩን እያየች ቀስ ብላ ነገረችኝ። ጋሽ ዲና ልጅ እያለ ከእናቱ ጆሮ ሳንቲም ያወጣላት ነበር። እናቱ አልጋ ይዛ ልትሞት ስትል፣ እንዴት ነበር የምታደርገው ብላ ጠየቀችው። ስትድኚ እነግርሻለሁ አላት። አልዳነችም። "ለማንም ነግሮ አያውቅም" አለችኝ፣ "እኔ እንኳ አይቼ ነው የሰረቅኩት።"

ከበሩ ጀርባ ምንም የለም። ከዚያ ቋ! አለ እንጨቱ። ከዚያ ዝም። ከዚያ አክስቴ ሳቀች። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፣ እንደ ኮረዳ፣ ቆም እያለ እንደገና የሚነሳ ሳቅ። ወጡ። ጋሽ ዲና እፎይ ያለ፣ ከባድ ዕቃ ያወረደ ይመስላል። አክስቴ ቀጥ ብላ ወደ ስልኩ።

"አባቴ፣ እታገኝ ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ። አልገባም፣ አልወጣምም። እንዴት እንደሆነ አይጠይቁኝ።"

"አንቺ አየሁ ካልሽ በቃኝ" አሉ ቀሲስ። ትንሽ ቆይተው፣ "እንዴት ነው ግን?"

"አባቴ!"

"እሺ፣ እሺ። ነገ በጊዜ ኑ።"

ጋሽ ሽመልስ ከወንበሩ ተነሳ። "ለእኔ ንገሪኝ እንጂ! አፉ እኮ የእኔ ነው!"

አክስቴ የታጠፈውን ልብስ ዘርግታ መልሳ ሰቀለችው። "ከቆረብክ በኋላ እነግርሃለሁ።"

እሑድ

ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ፣ ነጩን ለብሶ፣ መኪናውን አስነስቶ የጠበቀው ማን ይመስላችኋል? ጋሽ ሽመልስ። ክላክስ ሁሉ አደረገብን። ከፊሉ እምነት ነው፣ ከፊሉ ጉጉት፤ ስንት ስንት እንደሆነ ፈጣሪ ይለየው።

ጋሽ ዲና ልምጣ ብሎ መጣ። በር ላይ ጫማ ሲወልቅ አይቶ፣ "እንደ እኛው ነው" ብሎ ደስ እያለው አወለቀ። ከኋላ ቆሞ አንድም ነገር ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው ቆመ፤ እኔ መሐሉ ላይ ግድግዳ ፈልጌያለሁ። አክስቴና ጋሽ ሽመልስ ጎን ለጎን ሆነው ሲቀርቡ አየኋቸው። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ቀልድ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም። ምንም አስቂኝ አልነበረም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አልቀልድም።

ስንወጣ ግን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። የቆረበ ሰው ዝም ይላል። ጋሽ ሽመልስ መኪና ውስጥ መናገር አይችል፣ በቅንድቡ ይጠይቃታል። እንዴት ነው? እሷ መንገዱን ታያለች። እሱ በጣቱ እንቁላል ይሠራል። እሷ መንገዱን ታያለች። ሊያ ከኋላ በሳቅ እየፈነዳች "ዳድ፣ አይስ ኦን ዘ ሮድ!" ትለዋለች፣ መንገዱን እይ ማለቷ ነው።

ቤት ጾሙ ተፈታ። ጋሽ ዲናና ሚታሊ የጾሙን ምግብ ቀጠሉ፣ ለእኛ ዶሮ ቀረበ። ጋሽ ሽመልስ ከወጡ ውስጥ የደረሰውን እንቁላል አንስቶ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገው። ጎረቤቶች ሊጠይቁ መጥተው ነበር፣ አንዱ የፓርኪንግ ጓደኛው፣ "አሁንማ ቆራቢ ሆንክ፣ ቀልድ ቀረ" ቢለው፣ ጋሽ ሽመልስ ከአፉ የዶሮ አጥንት ቀስ ብሎ አውጥቶ ለሕዝቡ በሁለት እጁ እያሳየ እጅ ነሳ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀልዱ አልቀረም፣ እንዲያውም ዕቃ ተጨመረለት።

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። "እሺ፣ ቃልሽ።"

"እንግዳ እያለ?"

እንግዳው ሲሄድ "ደክሞኛል" አለችው።

ሰኞ ኤርፖርት የሸኘን እሱ ነው። አክስቴ ምስር የሊጥ ዕቃ በሚያክል ባልዲ ቋጥራልን ነበር፤ ጋሽ ዲና ለማንም አላስያዘም፣ እቅፍ አድርጎት ተሳፈረ። ጋሽ ሽመልስ በመስኮቱ ልብሴን ይዞ "ቢኒ፣ ለአጎትህ?" አለኝ። መሐላዬን ነገርኩት። "መሐላ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ወደቅኩ" እያለ ሄደ።

ዱባይ ከተመለስኩ ወራት ሆኗል። አሁን ሰሞኑን ደወለልኝ።

"ነገረችህ?" አልኩት።

"ለመስቀል አብረን እንቁረብና ያኔ አለችኝ። ቆረብን። ለጽዮን አለችኝ። ቆረብን።"

ስስቅ፣ "አትሳቅ" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ በለኝ። የመጀመሪያዋ ስትወጣ፣ የሰውዬው ግራ እጅ የት ነበር?"

"ጋሼ፣ አክስቴን ጠይቃት።"

"ጠየቅኳት እኮ" አለ። "ለጥምቀት አለችኝ።"